የጳጉሜን ውሃ

ራህመት ከገንዳው ጠርዝ ላይ ቆማ ወደ ታች ስታይ እኔ የማየው እሷን ነበር። እሁድ እሁድ ስትመጣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታደርገው፤ ጫማዋን ታወልቃለች፣ የቀሚሷን ጫፍ ትሰበስባለች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ከገንዳው ወለል ላይ ያለችውን የማፍሰሻ ክዳን ትፈልጋለች። መዳፍ የምታክል ነጭ ክዳን ናት። ከታየች ልጄ ውሃ ትገባለች፣ ካልታየች አትገባም። ጥቅምት አሥር ቀን ለሦስተኛ እሁድ ክዳኗ አልታየችም።

«አልችልም ጋሽ አበረ» አለች ራህመት። የወረታ ልጅ ናት፤ ባሕር ዳር ፊዚዮቴራፒ ተምራ ተመልሳ እዚሁ ከተማ ነው የምትሠራው። «እዚህ ውስጥ እግሯ የት እንዳለ አላይም። የእግሯ ቆዳ ደግሞ ስሜቱ ደካማ ነው፤ ቢጫር አታውቀውም። በእንዲህ ያለ ውሃ የተጫረ ይመረቅዛል።»

«እስከ መቼ ነው ታዲያ የምንጠብቀው?»

መልሱን ከመናገሯ በፊት ወደ ልጄ ወደ ፀደይ ክፍል አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የተረከዟ ጅማት እያጠረ ነው። አልጋ ላይ ስዘረጋው እግሯ ይገትርና ይታገለኛል። ፀሐይ ያሞቀው ውሃ ውስጥ ነው የሚላላልኝ። ሌላ ሁለት ሳምንት እንዲሁ ከቆየች ተረከዟ መሬት አይነካም። ተረከዝ መሬት ካልነካ፣ ሌላው ሁሉ ቢመለስ እንኳ መቆም የለም።»

ሁለት ሳምንት። እኔ የፎገራ ልጅ ነኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር የርብ ወንዝ ሞልቶ ከደጃችን ሲደርስ፣ ጥጃ ተሸክመን ወደ ጉብታው ስንሸሽ ነው ያደግሁት። ውሃን ሲጎድልም ሲተርፍም አውቀዋለሁ። ከገዛ ግቢዬ በሲሚንቶ ያሰርኩት ሃያ ሺህ ሊትር ውሃ ይንቀኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ናቀኝ።

ገንዳው እንዴት እንደመጣ ልንገራችሁ። ወረታ ውስጥ ያልሳቀብኝ ስለሌለ እናንተም ሳቁ። ባለፈው ኅዳር ከይፋግ ገበያ ስንመለስ መኪናውን የምነዳው እኔ ነበርኩ። ፀደይ «አባዬ ቀስ በል» አለችኝ፤ ሁለት ጊዜ። ሩዝ የጫነ አይሱዙ ከፊቴ እየተንቀረፈፈ ነበርና አልፈዋለሁ አልኩ። አለፍኩትም። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው መኪናው ከቦይ ውስጥ ተገልብጦ ነው። እኔ ክንዴ ተላጠ። የሃያ ዓመቷን ልጄን ከወገቧ በታች አልታዘዝ አላት።

ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ሚስቴ እማዋይሽ ደግሞ ከሁሉ በፊት ነው የሰማችው። እስከ ዛሬ ግን «አንተ ነህ» ብላኝ አታውቅም። በአሥራ አንድ ወር አንድ ቀን እንኳ። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐኪሞቹ የጀርባዋ ነርቭ ሙሉ በሙሉ አልተበጠሰም፣ ውሃ ውስጥ ብትንቀሳቀስ ተስፋ አላት አሉን። የመዋኛ ገንዳ ያለው ባሕር ዳር ነው፤ የባሕር ዳር መንገድ አንዱን ሳምንት ክፍት ነው፣ አንዱን ሳምንት ዝግ ነው። ስለዚህ ካሉኝ ሁለት የሩዝ መፈልፈያዎች አንዱን ሸጬ ግቢዬን ቆፈርኩ። «ከተማው የሚጠጣ ውሃ አጥቶ አበረ ባሕር ይሠራል» አሉ። «ጣና እዚያ ተኝቶ» አሉ። ይበሉ።

ገንዳው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሞላ። ጳጉሜን ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ የንስሐ አባታችን መምሬ መንግሥቴ መጥተው ጸሎት አደረሱበት። መስቀላቸውን ገና ከውሃው ሳያነሱ ዝናቡ ወረደ። የሩፋኤል ዝናብ በእኛ አገር ጸበል ነው፤ ሕፃን ሽማግሌው ሊጠመቅበት ደጅ ይወጣል። ፀደይ ውሃው ውስጥ ነበረች፣ ራህመት ይዛታለች። «እማዬ፣ አውራ ጣቴ» አለች ልጄ። የቀኝ እግሯ አውራ ጣት ተንቀሳቀሰ። እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። እማዋይሽ ከነልብሷ ገንዳው ውስጥ ገባች፤ ዋና እንኳ አትችልም።

ከመስቀል ወዲህ ውሃው አረንጓዴ ሆነ፤ እነሆ እዚህ ደረስን።

ማጣሪያው ከማድ ቤቱ ጎን የቆመ፣ የጠላ ጋን የሚያክል ሰማያዊ ነገር ነው። ሆዱ አሸዋ ነው። ፓምፑ ውሃውን ከገንዳው ስቦ ከላይ ያስገባለታል፣ አሸዋው ቆሻሻውን ይይዛል፣ የጠራው ከታች ወጥቶ ወደ ገንዳው ይመለሳል። አናቱ ላይ ያለችው ሰዓት ግፊቱን ትናገራለች፤ መርፌዋ ከፍ ካለች አሸዋው ጠግቧል ማለት ነው። ያን ጊዜ እጀታው ይዞራል፣ ውሃው ከታች ወደ ላይ ይነዳል፣ አሸዋው የያዘውን ይተፋል። የተፋው በወፍራም ጎማ በማድ ቤቱ ጓሮ አልፎ፣ ከአጥር ውጭ ካለው የመንገድ ቦይ ይደፋል። እኔ ከማጣሪያው ጎን ካለችው ትንሽ መስታወት የሚወጣውን እያየሁ «ይፈሳል?» ስል፣ እማዋይሽ ከጓሮ «እየፈሰሰ ነው» ትለኛለች። እንዲህ ነበር ሥራ የተከፋፈልነው።

ሰኞ ጠዋት ሙሰብ መጣ። ሙሰብ የፓምፕ ጠጋኝ ነው፤ የፎገራ ገበሬ የመስኖ ሞተሩ ሲያስለው የሚጠራው እሱን ነው። የገንዳ ማጣሪያ ግን በዕድሜው አንድ ብቻ ነው ያየ፤ የእኔን። መፍቻውን አንጠልጥሎ ገና ከበሩ ሲገባ «ጋሽ አበረ፣ ዛሬ ወይ እሱ ወይ እኔ» አለ።

«ኸሁለት ሳምንት በፊትም እንዲሁ ብለህ ነበር።»

«ያኔ በደንብ አልተዋወቅንም።»

የፓምፑን ቅርጫት ከፈተ፤ ሁለት ቅጠልና አንዲት የሞተች እንቁራሪት አወጣ። የክዳኑን የላስቲክ ማሸጊያ፣ ጎሚኒውን፣ ቀየረ። አየር እየሳበ ይሆናል ብሎ በየመገጣጠሚያው የሳሙና አረፋ ቀባ፤ አረፋው የትም አልተጠባም። እጀታውን ፈትቶ ውስጡን አየ፤ ደህና ነው። ማክሰኞ አሸዋውን በሙሉ በጣሳ ዝቀን አወጣን፣ ከታች ያሉትን ባለ ቀዳዳ ቱቦዎች አንድ በአንድ በጣታችን ዳበስን፤ አንዱም አልተሰበረም። አሸዋውን አጥበን መለስንና የውሃውን መንገድ ገልብጠን ማጣሪያውን አጠብነው። በመስታወቷ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ግራጫ፣ በመጨረሻ እንደ ምንጭ የጠራ ውሃ ወጣ። መርፌዋ ወረደች። «ዳነ» አለ ሙሰብ፣ እጁን በሱሪው እየጠረገ።

ሐሙስ መርፌዋ ወጥታ አገኘኋት። ውሃው የጎመን ቅቅል መስሏል። እንደገና ገለበጥን፣ እንደገና ጠራ፣ እንደገና ደፈረሰ። ክሎሪኑን ከታዘዘው እጥፍ አደረግሁት፤ ግቢው ሆስፒታል ሆስፒታል ሸተተ፣ ውሃው ግን ያው።

«ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» አለ ሙሰብ።

ያን ጊዜ ነው መፍቻውን ከእጁ ነጥቄ ገንዳው ውስጥ የወረወርኩት። የት እንደወደቀ እንኳ አልታየም። ሙሰብ «ጋሼ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልንገርዎት» አለ። «ይህ ማጣሪያ አልታመመም። ሲያጣራ ያጣራል፣ ሲታጠብ ይታጠባል። የመስኖ ሞተር ቢሆን ኖሮ ጤነኛ ነው ብዬ ለባለቤቱ እመልሰው ነበር።»

«ውሃውስ?»

«እሱን እኔ አላውቅም።»

«ካላወቅህ ሂድልኝ» አልኩት። ሄደ። ማጣሪያውን ለሸጠልኝ ባሕር ዳር ላለ ባለ ሱቅ ስልክ ደወልኩ። «ከታጠበ በኋላ መርፌዋ ትወርዳለች?» አለኝ። ትወርዳለች አልኩት። «እንግዲያው ይሠራል» ብሎ ዘጋው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ አንዲት አሮጊት ውሃ ያጠራል ብላኝ የሽፈራው ፍሬ ገዝቼ፣ ወቅጬ ገንዳው ላይ ነሰነስኩት። ውሃው ከነፍሬው አረንጓዴ ሆነ።

ማታ ማታ የፀደይን እግር የምገፋው እኔ ነኝ። ራህመት እንዳሳየችኝ መዳፌን ከውስጥ እግሯ አስደግፌ ጣቶቿን ወደ ቅልጥሟ እመልሳለሁ። ያን ሐሙስ እግሯ መልሶ ገፋኝ። ግፊቱ የእሷ አይደለም፤ የጅማቱ ነው። በመስከረም መጀመሪያ ይታጠፍ የነበረው እግር አሁን ጣቶቹን ወደ ታች ቀስሮ ቀርቷል። ላቤ ጠብ እስኪል ገፋሁት።

«አባዬ ተወው፣ ደከመህ» አለችኝ።

«አንቺ ብታግዥኝ ኖሮ አይደክመኝም ነበር።»

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ፀደይ አልተቆጣችም። «እሺ፣ አግዝሃለሁ» አለችና ዓይኗን ጨፍና ሞከረች። ግንባሯ ወዛ፣ የአንገቷ ሥር ተገታተረ፣ እግሩ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። ስትሞክር ማየቱ ነው የገደለኝ። ወጥቼ ከማጣሪያው ጎን ተቀመጥኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስወጣ ዓይኔ ከገንዳው ግድግዳ ላይ አረፈ። ሩዝ ያበቀለ ሰው ከማሳው ስንት ውሃ እንደጎደለ ለማወቅ መለኪያ አያስፈልገውም። ያን ሳምንት ማጣሪያውን ሦስት ጊዜ ገልብጠን አጥበናል፤ በአንድ እጥበት ስድስት መቶ ሊትር ያህል ይደፋል። ከመስቀል ወዲህ ዝናብ አልጣለም። የቧንቧ ውሃ ከመጣ ሁለት ሳምንቱ ነው፣ አንድ ባልዲ አልጨመርኩም። ውሃው ግማሽ ስንዝር መውረድ ነበረበት። ሰኞ ከሴራሚኩ ሁለተኛ ረድፍ ላይ ነበር፤ ቅዳሜም ከዚያው ረድፍ አንድ ጣት ቢወርድ ነው።

መፈልፈያው ቤት ሄጄም ይኸው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። የተደፋ ውሃ ከየት ይመለሳል? ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ ገበሬዎቹን ከሰዓት ተመለሱ ብዬ ወደ ቤት መጣሁ።

የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ወደ ማድ ቤቱ ጥግ ስደርስ እማዋይሽን አየኋት። ከማድ ቤቱ ጀርባ የዝናብ ውሃ የምናጠራቅምበት አንድ ሮቶ አለን። ከአጥሩ ሥር ወደ ውጭ መውጣት የሚገባው የጎማው ጫፍ ወደ ውስጥ ተጎትቶ ከሮቶው አፍ ገብቷል። እማዋይሽ ጫማዋን አውልቃለች። ከሮቶው ላይ ላዩን በጣሳ እየቀዳች ጀሪካን ትሞላለች፣ ጀሪካኑን በሁለት እጇ አቅፋ እስከ ገንዳው ትሄዳለች፣ ጎንበስ ብላ ድምፅ ሳታሰማ ታፈሰዋለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። «ሩፋኤል አባቴ፣ አንዲት ጠብታ አላስረገጥሁብህም» ትላለች። ስድስት ጊዜ ስትመላለስ ቆሜ አየሁ።

ሁሉም ገባኝ። ጎርፍ በገባ ዓመት እናቶቻችን ድፍርሱን ውሃ በእንስራ አሳድረው፣ ሲጠልል ላይ ላዩን ቀድተው ነው ያሳደጉን። እማዋይሽም ያንኑ ነው ያደረገችው። ጭቃ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበረች። ይህ ግን ነፍስ ያለው አረንጓዴ ነው፤ ቢያድር አይዘቅጥም፣ ይረባል እንጂ። ማጣሪያው የተፋውን እሷ መልሳ ታጎርሰዋለች።

ለምን እንደሆነም ገባኝ። ከአጥር ውጭ ያለው ቦይ የአህያና የሰው መርገጫ ነው። የሩፋኤልን ዝናብ፣ የልጇን ጣት ያነቃነቀውን ውሃ፣ እኔ በሳምንት ሦስት ቀን ለአህያ ኮቴ እደፋለሁ። የጳጉሜን ዝናብ ደግሞ እስከ መጪው ዓመት አይመለስም። ይህን ብትነግረኝ እስቅባት ነበር፤ እሱንም ታውቃለች።

«አንቺ ነሽ» የሚሉት ሁለት ቃላት ምላሴ ላይ ነበሩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሙሰብን፣ ባለ ሱቁን፣ አሸዋውን፣ መብራቱን የረገምኩበት ንዴት ሁሉ ባለቤቱን አገኘ። የልጄ ተረከዝ በእሷ ጣሳ እየተቀዳ ሲሄድ ታየኝ። አፌን ከፈትኩ። በዚያው ቅጽበት እማዋይሽ ጀሪካኑን አስቀምጣ ወገቧን ያዘች፣ ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ እንደገና አነሳችው። ይህች ሴት እነዚህን ሁለት ቃላት አሥራ አንድ ወር አፏ ውስጥ ይዛ ኖራለች። ቁርስ ስታቀርብልኝ ይዛቸዋለች፣ አልጋዬን ስታነጥፍ ይዛቸዋለች። እኔ አንድ ደቂቃ መያዝ አቃተኝ።

በመጣሁበት እግር ወጣሁ።

መምሬ መንግሥቴን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ከአንድ ጥድ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። መስቀል ተሳለምኩና «አባቴ፣ ጸበል የሆነ ውሃ ሲቆሽሽ ኸየት ይደፋል?» አልኳቸው።

«ማነው የጠየቀ?»

«እኔ ነኝ።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። የእኔን ሃይማኖት ልክ ያውቁታል። «ይሁን፣ አንተ ነህ» አሉ በመጨረሻ። «እግር አይርገጠው እንጂ ይፍሰስ ልጄ። ሰው ኸማይረግጠው፣ ከብት ኸማይደርስበት፣ ዛፍ ሥር ይፍሰስ። ምድርም ትጠጣ፣ እሷም የእግዜር ናት። ይዘን እናኑረው ያልን እንደሆነ ይሸታል።»

ነገሩ ይኸው ነበር። አንድ ቀን፣ አንድ ጥያቄ። ሙሰብ ጎሚኒ ሲፈልግ፣ እኔ መርፌ ሳፈጥ፣ የቸገራትን ሴት ምን ቸገረሽ ያላት ሰው አልነበረም።

ቤት ስገባ ሮቶው ተከድኗል፣ እማዋይሽ ሽንኩርት ትልጣለች።

«ጥፋቱ ተገኘ» አልኳት።

ቢላዋው ቆመ። «ምን ኖሯል?»

«አሸዋው ነው። ደግ አሸዋ አልነበረም። ሙሰብ ሌላ ያመጣል።» ቀና ብላ አላየችኝም። «ደግሞ መምሬን አግኝቻቸው ነበር። ጸበሉን መንገድ ላይ ስደፋ መክረሜን ነገርኳቸውና ተቆጡኝ። ኸጓሮህ ዋንዛ ሥር ቆፍረህ፣ በሾህ አጥረህ፣ እዚያ አፍስስ ብለውኛል። ኃጢአቱ የእኔ ነው።»

«ኸዋንዛው ሥር ቢፈስ ይሆናል አሉ?»

«ይሆናል አሉ።»

«ምድር ብትጠጣውም?»

«ምድርም የእግዜር ናት አሉ።»

ሽንኩርቱን አስቀምጣ ተነሳችና ዶማውን ራሷ አመጣችው። እኔ ስቆፍር አፈሩን ዛቀች፤ ሲደክመኝ ዶማውን ከእጄ ተቀብላ ቆፈረች። ከሰዓት እኔ ወደ መፈልፈያው ስሄድ ሮቶው ውስጥ ገና ውሃ ነበር፣ ስመለስ ተደፍቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ የዋንዛው ሥር ርሷል። ያየሁ አልመሰልኩም።

ሙሰብን ለመንኩት፣ መጣ። «አሸዋው ደህና ነው እኮ ጋሼ» አለ። «ቀይር አልኩህ» አልኩት፤ ትከሻውን ነቅንቆ ቀየረ። በየሁለት ቀኑ ገለበጥን፤ ውሃው ወደ ዋንዛው ሥር ፈሰሰ፣ ገንዳው ጎደለ፣ ከቦቴ ገዝቼ ሞላሁት። እሁድ ራህመት አይታ ራሷን ነቀነቀች። ሐሙስ ክዳኗ በጭጋግ ውስጥ እንዳለች ሆና ተገለጠች። ቅዳሜ ክዳኗም፣ ከአጠገቧ የተኛው የሙሰብ መፍቻም ፍንትው ብለው ታዩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ከደስታ ይሁን ከፍርሃት አላውቅም።

ጥቅምት ሃያ አራት፣ ራህመት የሰጠችን ሁለት ሳምንት በሚሞላበት እሁድ፣ ከጠርዙ ቆማ ወደ ታች አየችና «ቢስሚላህ» አለች። ፀደይን አቅፌ አወረድኳት። ውሃው ደረቷ ሲደርስ ሳቀች፤ ሳቋን ከሰማሁ ወር አልፎኝ ነበር። እማዋይሽ ከዳር ቆማ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛለች። ራህመት የፀደይን እግር ይዛ ቀስ እያለች ሠራች፣ አሸች፣ አጠፈች፣ ዘረጋች። እኔ የማየው የራህመትን ፊት ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ እግሯን ከወለሉ አስቀመጠችው። ጣቶቹ ነኩ። ተረከዙ አልነካም። እንደገና አስቀመጠችው። ከተረከዙና ከወለሉ መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ፤ ውሃው በጣም ጠርቶ ስለነበር ሁላችንም አየነው።

«ጠብቋል» አለች ራህመት።

«ሁለት ሳምንት ብለሽኝ ነበር እኮ። ዛሬ ነው የሚሞላው።»

«ጋሽ አበረ፣ ጅማት ቀን አይቆጥርም። ገምቼ ነው የነገርኩዎት። ከወር በፊት ቢሆን በእጄ ይመለስ ነበር። አሁን እሞክራለሁ። እምቢ ካለ ቀዶ ጥገና ነው፣ እሱም እርግጥ አይደለም።» ቀና አለች። «ለመሆኑ ችግሩ ምን ነበር?»

«አሸዋው» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«አሸዋው አይደለም» አለች እማዋይሽ።

«አንቺ ዝም በይ።»

«ዝም አልልም።» ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። «እኔ ነኝ ልጄ። ማጣሪያው የሚያወጣውን፣ ጸበሉ አይረገጥ ብዬ በሮቶ እያጠራቀምሁ፣ መልሼ ስጨምረው ከረምሁ። ኸዚህ የደረስሽ በእኔ ነው። አባትሽ አይቶኛል። ኮቴውን አጣዋለሁ? አይቶ ነው አሸዋ ያለ።»

ፀደይ ከውሃው ውስጥ ሆና መጀመሪያ እናቷን አየች፣ ቀጥሎ እኔን። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ተናዳ አይቻት አላውቅም ነበር።

«እሷ ስለ አንተ ዝም ትላለች» አለች። «አንተ ስለ እሷ ዝም ትላለህ። እግሩ የእኔ ነው። እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም። ጸበሉም ይሁን ማጣሪያው፣ አንድ ቀን አንቺስ ምን ትያለሽ ያለኝ የለም።»

«ልጄ» አለች እማዋይሽ።

«ሂዱልኝ። ሁለታችሁም። ራህመት ትበቃኛለች።»

ራህመት በዓይኗ ሂዱ አለችን። ከማድ ቤቱ ጀርባ ሄደን ግድግዳውን ተደግፈን ቆምን። ከወዲያ በኩል የውሃው መንቦጫረቅ ይሰማል፣ ከዚያ የራህመት ድምፅ መቁጠር ጀመረ። አንድ። ሁለት። ሦስት። እግሯን እየገፋችው ነው፤ ሠላሳ እስክትቆጥር አትለቀውም። አሥራ አምስት ላይ ፀደይ አቃሰተች። ሃያ ላይ ጮኸች።

እማዋይሽ ልትሮጥ ስትል ክንዷን ያዝኳት።

«አመማት እኮ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ልቀቀኝ።»

«ሂዱ ብላናለች።»

ቆመች። ክንዷን ግን ከእጄ አላወጣችም። ከአሥራ አንድ ወር በኋላ እንዲህ ተቀራርበን ስንቆም ያ የመጀመሪያው ነበር።

«የነዳሁት እኔ ነበርኩ» አልኳት። «ቀስ በል ብላኝ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች። «የቀዳሁት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳ። ጸጥ አለ። «ለዛሬ ይበቃሻል» ስትል ሰማናት ራህመትን።

«አይበቃኝም» አለች ልጃችን፣ እያለቀሰች። «ጨምሪ።»

ራህመት እንደገና ከአንድ ጀመረች።